በመዳፍና በጉንጭ መካከል

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላል የቆየው ብሂል። ዓይን ምስክር፣ ልብ ዳኛ መሆናቸው ነው። ምስክሩ ካልዋሸ ዳኛው አይሳሳትም ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ ከእነዚህም መካከል መተዳደሪያው ማየት የሆነ አንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነበር።

የሥራ ባልደረቦቹ «አንድ ዓይና» ይሉታል። ሁለቱም ዓይኖቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ግራውን ጨፍኖ በቀኙ በካሜራው ቀዳዳ ሲመለከት ስለሚውል፣ ሻይ ሲጠጣም ሆነ አሳንሰር ሲጠብቅ ግራ ዓይኑ በልማድ ትከደናለች። ቁም ነገረኛ፣ ቀጠሮ የማያሳልፍ፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ፣ ለሳቅ የማይቸኩል ሰው ነበር። እናቱ በሕይወት ሳሉ፣ ሚስቱንም ቢሆን በሌንስ ካላያት አያገኛትም እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

አንድ ቀን ከእግር ኳስ ሜዳው ጥግ ተንበርክኮ ሳለ፣ ከወዲያኛው ክንፍ የተመታች ኳስ መጥታ ካሜራውን ከቅንድቡ ጋር አጋጨችው። ደሙን እየጠረገ ቀና ሲል የቡድኑ ፊዚዮቴራፒስት ሣጥኗን ከፍታ ከፊቱ ተንበርክካለች። ተጫዋቾቹ «ሲስተር» የሚሏት፣ ጣቶቿ ረጃጅም፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ነበረች።

«ኳሷን አላየሃትም?»

«አይቻታለሁ። ገና ሩቅ ያለች መስሎኝ ነው።»

ሴትዮዋ ፈገግታዋን ለመደበቅ አንገቷን ወደ ሣጥኑ ደፋች። «አየኋት የሚለው እንዲህ ከተፈነከተ፣ አላየኋት የሚለውማ ምን ሊሆን ነው» አለች፤ ጥጡንም ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ አድርጋ አሳረፈችበት።

ቁስሉ ቶሎ ዳነ፤ እሱ ግን ለቁስሉ ሰበብ መፈለጉን አልተወም። ከተመልካቾቹ መቀመጫ ሥር ያለችው የሕክምና ክፍል ጠባብ ነበረች፤ አንድ የመታሻ አልጋ፣ አንድ የበረዶ ሣጥን፣ በግድግዳው ላይ የጡንቻና የጅማት ሥዕል፣ አየሩን የሞላ የቅባት ሽታ። ከልምምድ በኋላ ተጫዋቾቹ ሲበተኑ እዚያ ይቀመጣሉ። እሷ ፋሻ እየጠቀለለች፣ እሱ ሌንስ እየወለወለ፣ አንዳንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳይነጋገሩ ይቆያሉ። ዝምታው አይከብድም ነበር። ሲለያዩ ግን ሁለቱም ብዙ ያወሩ ያህል ነበር የሚሰማቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጨዋታ ፎቶዎቹን በአልጋው ላይ ደርድሮ አሳያት። እሷም አንድ በአንድ አይታ ስትጨርስ አንዲት ነጭ ጥላ በጣቷ ነካች።

«ይቺ ጉም እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«እዚህስ?»

«እዚያም አንቺ ነሽ።»

«ይገርማል። ተጫዋቾቹ የቅንድባቸው ፀጉር እንኳ ይቆጠራል፤ እኔ ግን በፎቶህ ሁሉ ጉም ነኝ። ምን አድርጌህ ነው?»

ቀልድ መሆኑ ገብቶታል፤ ነገር ግን የሙያ ጥያቄ በቀልድ ማለፍ አያውቅምና ከቦርሳው አንዲት አጭር ጥቁር ቀለበት አውጥቶ በመዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ከውስጧ ብርጭቆ ያለባት፣ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የምትገባ ኮንቨርተር ነበረች።

«ይቺ ናት ጥፋተኛዋ» አለ። «እኔ ከቦታዬ ሳልንቀሳቀስ ሩቅ ያለውን በእጥፍ ታቀርብልኛለች። ግን ያለ ዋጋ አይደለም። ብርሃን ትሰርቃለች፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ጥርት ብሎ የሚታየውን ጥልቀት በግማሽ ትቀንሰዋለች። ያለ እሷ ከተጫዋቹ ፊትና ኋላ ሦስት ሦስት ክንድ ጥርት ይል የነበረው፣ እሷ ስትገባ አንድ ተኩል አንድ ተኩል ይቀራል። ከዚያ የወጣ ሁሉ ጉም ነው። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ከተጫዋቹ ወይ ፊት ነሽ ወይ ኋላ።»

«አንዱን ባቀረበች ቁጥር ሌላውን ታጠፋለች በለኛ።»

«እንደሱ ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«አለው። ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ነው፤ ያን ጊዜ የፊቱም የኋላውም ጥርት ይላል። ፀሐይ ከበረታ ይቻላል።»

ቀለበቷን መለሰችለትና፣ «እንግዲያው አጥብበውና እኔንም ሰው አድርገኝ» አለችው። ከዚያም ዓይኗን ከዓይኑ ሳታነሣ ጥቂት ቆየች። እሱ ያን ቀን ግራ ዓይኑን አልጨፈነም።

ሴትዮዋን ያሳደጓት ታላቅ ወንድሟ ነበሩ። ወላጆቻቸው በልጅነቷ ስላለፉ፣ እሳቸው ትዳራቸውን አዘግይተው፣ ደብተሯንም ጫማዋንም ገዝተው፣ ለወግ ለማዕረግ አድርሰዋታል። ሥራቸው የመንጃ ፈቃድ መፈተን ነው። መስተዋት ሳያይ መሪ ያዞረ ሰው ሚኒስትርም ይሁን ዘመድ በእሳቸው እጅ አላለፈም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚባለው ስለ እሳቸው የተነገረ ይመስላል። «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ያለ እሳቸው ቡራኬ ጎጆ እንደማትወጣ ገና ከጅምሩ ለፎቶ አንሺው ነግራዋለች። ፎቶ አንሺውም እሑድ ሊጎበኛቸው ቀጠሮ ተያዘለት።

«ጋሼ ሰውን የሚመዝኑት ገና ከበሩ ጀምሮ ነው» ብላ አስጠነቀቀችው። «ስትገባ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው። የሚወረውር ሰው አይወዱም።»

በዋዜማው ቅዳሜ የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ፀሐይዋ እንደ ምላጭ ስላለች ብርሃን ሞልቷል። ፎቶ አንሺው ጥጉን ይዞ፣ ኮንቨርተሯን ገጥሞ፣ የሜዳውን የጎን መስመር ቁመቱን ይዞ ሌንሱን ደገነ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የቡድኑ አምበል ጉልበቱ ዞሮበት ወጣ፤ ከመስመሩ ውጪም ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ፊዚዮቴራፒስቷ አይታው ከጨረሰች በኋላ ትታው ወደ ፎቶ አንሺው በኩል፣ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር መጣች፤ ሰውየው ዳግም መግባት እንደማይችል ለዳኛው ለማመልከት ክንዷን ወደ ሜዳው ዘረጋች። በእሷና በአምበሉ መካከል አምስት እርምጃ ያህል ባዶ ሣር ነበር፤ የተመልካቹ ዓይን ግን ሁሉ በኳሷ ላይ ነበር።

ፎቶ አንሺው በሌንሱ ውስጥ ሁለቱን አገኛቸው። ልማዱ ቢሆን ኖሮ በአምበሉ እንባ ላይ አነጣጥሮ እሷን ለጉም ይተዋት ነበር። ያን ጊዜ ግን የሕክምና ክፍሏ ቀልድ ትዝ አለችው። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አጠበበ፤ የጥራቱ ጥልቀት አምስቱንም እርምጃ እስኪውጥ ድረስ መካከላቸው ላይ አነጣጠረ፤ ቁልፉን ተጫነ። እንባውም ጥርት አለ፣ የእሷም ሽፋሽፍት ጥርት አለ። በሕይወቱ ካነሣቸው ሁሉ በጥንቃቄ ያነሣት፣ በፍቅርም ያነሣት ፎቶ ነበረች። ከሌሎቹ ጋር ለስፖርት አዘጋጁ ሰጠና ለነገው ጉዞ ሸሚዙን ሊተኩስ ወደ ቤቱ ሄደ።

እሑድ ረፋዱ ላይ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ገባ። ታላቅ ወንድም በክብር ተቀብለው አስቀመጡት፤ ስለ ትውልዱ፣ ስለ ትምህርቱ ጠየቁት። መልሱም ደስ ያሰኛቸው ይመስላል። ቀጥሎ ሥራውን ጠየቁት።

«የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነኝ።»

ሰውየው ጎንበስ አሉ። ከወንበራቸው ሥር ተጣጥፎ የነበረውን የዕለቱን ጋዜጣ አንሥተው ፊቱ ዘረጉት። ፎቶዋ የፊት ገጹን ግማሽ ይዛለች። በፎቶዋ ላይ ባዶ ሣር የለም፤ እርምጃም የለም። አንዲት ሴት መዳፏን በሚያለቅስ ወንድ ጉንጭ ላይ አሳርፋ፣ ፊቷን ወደ ፊቱ መልሳ ቆማለች። ሁለቱም እኩል ጥርት ብለዋል። አዘጋጁ ከላይ «እንባን የዳሰሰ መዳፍ» ብሎ ጽፎበታል። አምበሉ ባለ ትዳር መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ይህን ያነሣው ሰው የምታውቀው ይሆናል» አሉ ታላቅ ወንድም።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ያየኸውን ነው ያነሣኸው ወይስ ፈጥረህ?»

ይህ ጥያቄ ለአንድ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ከስድብ የሚቆጠር ነው። እሷ ከጓዳው በር ብርጭቆ የያዘ ትሪ ተሸክማ እንደቆመች ልብ ሳይል፣ በሙያው ኩራት ፈጥኖ መለሰ። «በሥራዬ አልፈጥርም። ያየሁትን ነው ያነሣሁት።»

ወዲያውም ነገሩ ገባውና፣ ቀለበቷና የጠበበው ቀዳዳ አምስት እርምጃ የተራራቁትን አጣብቀው እንዳሳዩ ለማስረዳት ሞከረ፤ ግን የመጀመሪያው ቃሉ ከአፉ ወጥቷል። ታላቅ ወንድም እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«አንተ ያየኸውን አንሥተሃል። እኔም ያየሁትን አይቻለሁ። ስትወጣ እንደ አገባብህ በሩን ቀስ አድርገህ ዝጋው።»

ከዚያ በኋላ ወሬው እግር አውጥቶ ሄደ። የአምበሉ ሚስት ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ቤት መሄዷ ተሰማ። አምበሉ በእንባው አፍሮ ይሁን በሌላ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ዝምታውም እንደ እሺታ ተቆጠረ። ክለቡ «ለጊዜው» በሚል ፊዚዮቴራፒስቷን ከሜዳ አንሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት መደባት። ሥራዋን ትወድ ለነበረች ሴት ሰው የማይታከምበት ክፍል ውስጥ የትጥቅ ልብስ ስታጣጥፍ መዋል ቅጣት ነበር። ታላቅ ወንድሟ አልሰደቧትም፤ ምግብ ቀርቦ አብረው ሲቀመጡ ብቻ ዓይናቸውን ከሳህናቸው አያነሡም። ከስድብ ይልቅ ይህ ነበር የሚያቃጥላት።

በጋዜጣው ቤት ግን ሳቅ ነበር። አዘጋጁ ፎቶዋን አስፋፍቶ በግድግዳው ላይ ሰቅሏታል። ፎቶ አንሺው ባለፈ ቁጥር አንዱ ይተነኩሰዋል።

«አንድ ዓይና፣ ምነው፣ በቀኙ ያነሣኸውን በግራው ሳታየው ቀረህ?»

«ተዉት እባካችሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል ነበር፤ ለካ ዓይንም ባዳ ነው።»

በመጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ቀጥሎ ዝም ይል ጀመር፤ ኋላ ግን፣ ባልደረቦቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ከፎቶዋ ፊት መቆም አመጣ። እርምጃዎቹን ያውቃል። ቀዳዳውን ያጠበበው የገዛ ጣቱ ነው። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ መዳፏ የአምበሉን ጉንጭ ነክቶታል። ሽፋሽፍቷ ወደ አምበሉ አዘንብሏል። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ለዳኛ በሚደረግ ምልክት ላይ ይታያል? ተጭኖ ሳይጨርስ ወደ ፊት ተራምዳ ቢሆንስ? አምበሉ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ በእጇ ታሽቷል? ጥርጣሬ እንደ ምስጥ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት እንጨቱ ደህና ይመስላል። ጥቂት ቀን እንዲህ ከሰነበተ በኋላ ትዝታው ሣሩን ጥሎ ወረቀቱን ያዘ።

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄደ። እሷ ካልሲ በየጥንዱ እያጣመረች ነበር። ስታየው ፊቷ በራ፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ከተማው ሁሉ ቢፈርድባት አንድ ምስክር እንዳላት ታምን ነበርና። የመጣው ሊያጽናናት መስሏት ከወንበሩ ላይ ልብሱን አነሣችለት። እሱ ግን አልተቀመጠም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትቆጪኝ።»

«ጠይቀኝ።»

«ከአምበሉ ጋር … ምንም የለም አይደል?»

እጇ ላይ የነበረው ካልሲ ሳይጣመር ቀረ። ቀና ብላ አየችው። ቁጣ ይጠብቅ ነበር፤ በፊቷ ላይ ያየው ግን ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ የት እንዳለ የሚጠፋበትን ዓይነት ግራ መጋባት ነበር።

«የት ነበርክ ያን ቀን?» አለች በመጨረሻ።

«ጥጉ ላይ።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

መልሱን ያውቀዋል። አፉ ግን አልታዘዘውም። እሷ ካልሲዎቹን ወደ ማጣመር ተመለሰች፤ እስኪወጣም ቀና አላለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የጠየቀውን መልሶ ሊውጠው አልቻለም።

በነጋው ጠዋት ወደ ባዶው ስታዲየም ሄዶ የጎን መስመሩን በእግሩ ለካ። እሷ ከቆመችበት ተነሥቶ አምበሉ ወዳለቀሰበት ሲራመድ እግሩ ዓይኑ የካደውን መሰከረለት። በሣሩ መካከል ቆሞ ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ያሳፈረው የሰው መሳሳት አልነበረም። ሰው ወረቀት አይቶ ተሳስቷል፤ እሱ ግን ሜዳውን አይቶ ወረቀቱን አመነ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሟን ለማጥራት እረፍት አጣ። አዘጋጁን ማብራሪያ እንዲያትም አስጨነቀው። አዘጋጁ ፎቶው አልተነካካም፣ ምን ብዬ ነው የማርመው ብሎ ቢከራከርም፣ ፎቶ አንሺው ሥራ እለቃለሁ ስላለ ከውስጥ ገጽ በትንሽ ፊደል አወጣለት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና ያነበበው ጥቂት ነው። አምበሉን ቤቱ ድረስ ሄዶ ለመነው፤ ሰውየውም በዝምታው የደረሰውን ጉዳት ሲሰማ ደንግጦ ለሚስቱም ለክለቡም እውነቱን ተናገረ። የቀሩት ታላቅ ወንድም ነበሩ። በፈተና ጣቢያው በር ላይ ሦስት ማለዳ ቆሞ ደጅ ጠናቸው። በሦስተኛው እንደመሰልቸት ብለው ተከተሉት።

ሜዳው ላይ ሁለት ወንበሮች በመስመሩ ቁመት አምስት እርምጃ አራርቆ አኖረ። ካሜራውን ከጥጉ ተክሎ ኮንቨርተሯን ገጠመ። መጀመሪያ ቀዳዳውን ከፍቶ አነሣና በካሜራው ጀርባ አሳያቸው፤ ቅርቡ ወንበር ጥርት ብሎ ሩቁ ጉም ሆኗል። ቀጥሎ ቀዳዳውን አጥብቦ አነሣ። ወንበሮቹ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ እኩል ጥርት ብለው፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው ታዩ። ታላቅ ወንድም ሥዕሉን አዩ፤ ሜዳውን አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ተራመዱ። እዚያው በሁለተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ ይህን ያህል ዘመን ሰው ስፈትን፣ በመስተዋት ብቻ አይቶ አንገቱን ዞር አድርጎ ያላረጋገጠውን እጥለዋለሁ» አሉ። «እነሆ እኔው ወደቅሁ። በገዛ እህቴ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ወደ ቤት አስገቡት። እህታቸውን በፎቶ አንሺው ፊት ይቅርታ ጠየቋት፤ እሷም ጉልበታቸውን ሳመች፤ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያም ይህ ሰው ስምሽን መልሶልሻል፣ በእኔ በኩል ቡራኬዬ ነው ብለው ሁለቱን ትተው ወደ ውጭ ወጡ። ጠረጴዛው ላይ የመስኮቱ ብርሃን አርፏል። ለጥቂት ጊዜ እንደ ድሮው ዝም አሉ፤ ዝምታው ግን ያ የድሮው አልነበረም።

«ጋሼን አልቀየማቸውም» አለች። «ከተማውንም አልቀየምም። የታያቸው ወረቀት ነው፤ በወረቀት ፈረዱ። አንተ ግን እዚያ ነበርክ። ከእኔ እስከ እሱ ምን ያህል ሣር እንዳለ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ።»

«ልቤ ለጥቂት ቀን ነው የከዳኝ። ተመልሻለሁ።»

«ተመልሰሃል። እግርህ ለክቶ፣ ወንበር ደርድረህ፣ ራስህን አሳምነህ ተመልሰሃል። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ታያለህ። ገበያ ላይ ከሰው ጋር ስስቅ ታየኛለህ፣ ከሥራ አምሽቼ ስገባ ታየኛለህ። ያን ጊዜ የሚለካ ሜዳ አታገኝም።»

«ያጠበብኩት አንቺን ሰው ላደርግ ብዬ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ለእሱ አልተቀየምኩህም። ፎቶዋን ሳያት መጀመሪያ የታየኝ እንዴት አድርገህ እንዳነሣኸኝ ነው።» እጇን አንሥታ በቅንድቡ ላይ የቀረውን ጠባሳ ነካች፤ ጣቷ ጥቂት ቆየ።

«አሁን አትወጂኝም ማለት ነው?»

«እወድሃለሁ» አለች። «የጎደለው እሱ አይደለም።»

ጣቷን አነሣች። እሱ ሊለምናት ከንፈሩን አላቀቀ፤ የሚለምንበት ቃል ግን እንደገና ማስረጃ መሆኑ ታወቀው። ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት። ታላቅ ወንድም በረንዳው ላይ በተስፋ ቀና ብለው ቢያዩት፣ ራሱን ነቀነቀላቸውና አልፎ ሄደ።

ክለቡ ወደ ሜዳ ሥራዋ ቢመልሳትም ሴትዮዋ የዚያኑ ዓመት ክረምት ለቅቃ በሌላ ከተማ በሚገኝ የአጥንት ሆስፒታል ተቀጠረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እዚያው አንድ መምህር አገባች። ታላቅ ወንድሟ ፎቶ አንሺውን ለሰርጉ ጠርተውት ነበር፤ አልሄደም።